ስልኩስ አልተበላሸም ነበር

ውድ ደምለው፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። አክስታችን አረጋሽ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዛ መልእክትህን ነገረችኝ። ሑመራ ሰልችቶሃል አሉ። ለፋሲካ ደባርቅ መጥተህ ከእግሬ ልትወድቅ ፈልገሃል። አክስቴም እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች «ወንድምሽ እኮ ነው፣ ምሥራቅ» አለችኝ። ወንድሜ መሆንህን ለእኔ ትነግረኛለች! በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ? መልሴን በሷ አፍ መላክ አልፈለግሁም። እሷ ስታደርሰው ታለሰልሰዋለች፤ እንዲለሰልስ ደግሞ አልፈልግም።

ከስልኩ ልጀምር። በ2008 ዓ.ም. ለገና ከጎንደር አዲስ ስማርት ስልክ ገዝተህልኝ መጣህ። ስፌት ቤቴ ድረስ ገብተህ፣ የሰው ቀሚስ መኪናው ላይ እንዳለ አስነሥተኸኝ፣ ሚኒባስህ ውስጥ አስቀመጥከኝ። ሚኒባሱ ያንጊዜ የአቶ ገሠሠ ነበር፤ አንተ ተቀጥረህ ነው የምትነዳው። ስልኩን ከመኪናው ቴፕ ጋር በብሉቱዝ አገናኘኸውና «አየሽ እታለም፣ ከእንግዲህ መኪናዬ አጠገብሽ ስትደርስ ራሷ ፈልጋ ታገኝሻለች» አልከኝ። ሳቅሁ። ትንሽ ስፒከርም ጨምረህ «ይቺ ደግሞ ለእማዬ» አልክ። በዚያን ቀን እንዴት እንደመረቅሁህ ትዝ ሲለኝ አፌን በቆረጠው እላለሁ።

እማዬ ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቀርቶባት ነበር። ስለዚህ የንስሐ አባታችን መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ ቤት መጥተው ጸሎት ሲያደርሱ ድምፃቸውን በስልኩ ቀዳሁላት። በየማለዳው ስፒከሯን ራስጌዋ አድርጌ እከፍትላታለሁ፤ እሷም ተኝታ አብራቸው ትደግማለች።

ከጥምቀት በኋላ ያለችውን ቅዳሜ ታውቃታለህ። እኔ ግን ዳግመኛ እነግርሃለሁ፤ በኔ በኩል ሆነህ አላየሃትምና። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እማዬን ደረቷን ወጋት፣ ትንፋሽ አጠራት። ያያት የጤና ባለሙያ ቶሎ ጎንደር አድርሷት አለን። አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ጃናሞራ ወርዶ ነበር። ደወልኩልህ። «ወይኔ እታለም፣ ዛሪማ ነኝ፤ ጎማ ፈንድቶብኝ መንገድ ላይ ቆሜአለሁ። ከማታ በፊት አልደርስም» አልከኝ። ከኋላህ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር። መንገደኞችህ መስለውኝ «በል እግዜር ያውጣህ» ብዬ ዘጋሁ።

ጎረቤቶች መኪና ፍለጋ ወጡ። እኔ እማዬ እንድትረጋጋ ብዬ የመምሬን ጸሎት ከፈትኩላት። ጥቂት ሄደና ድምፁ ጠፋ። ስልኩን ሳየው እየሠራ ነው፤ መስመሩ ይሄዳል፣ ደቂቃው ይቆጥራል፣ ቤት ውስጥ ግን ድምፅ የለም። ስፒከሯን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ስልኩን ራሱን አጥፍቼ አስነሣሁ። መምሬ ሁለት ቃል ብለው እንደገና ዝም አሉ።

«ምነው ቆሙ?» አለችኝ እማዬ።

«ስልኩ ነው እማዬ። አዲስ ዕቃ ነው፣ ተበላሸ መሰለኝ።»

«ተያቸው በቃ፤ ደክሟቸው ይሆናል» አለች።

ስልኩን አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ጸሎት አልሰማችም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ገብስ የጫነ አይሱዙ ተገኘ። ጆንያው ላይ ፍራሽ አንጥፈን፣ ሸራ ጋርደንባት ወጣን። ዳባት ልንደርስ ስንል ከሸራው ሥር ሆነን ያላየነው አንድ መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ እልልታው እየቀለጠ አለፈን። እማዬ ዓይኗን ገለጠች።

«ሰርግ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«እሰይ። ያዝልቅላቸው። የሚነዳውንም እናቱ ትየው» አለች። እኔም አሜን አልኩ።

ዳባት ከተማ መግቢያው ላይ አረፈች። ጎንደርን አላየችም።

ለቅሶው ላይ ካንተ በላይ የጮኸ አልነበረም። «ዛሪማ ላይ ጎማዬ ባይፈነዳ!» እያልክ ደረትህን ስትመታ ሦስት ሰው ነበር የሚይዝህ። አገሩ ሁሉ ጎማውን ረገመ፤ እኔም ረገምኩት። አንተን አቅፌ አጽናናሁህ እኮ፣ ደምለው። ራስህን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ስልኩን ጠልቼው ሣጥን ውስጥ ጣልኩት። የእናቴን የመጨረሻ ጸሎት ያቋረጠ ዕቃ ምን ያደርግልኛል? ሐምሌ ሲገባ ግን ዝናቡ ቤት ዘጋብኝና የመምሬ ድምፅ ናፈቀኝ። አወጣሁት፤ እየሰፋሁ አዳምጥ ጀመር። ደህና ሲሠራ ይቆይና ምሳ ሰዓት ላይ ድርግም ይላል። ደግሞ ደህና ይሆናል። በማግስቱም ምሳ ሰዓት ላይ። በጣም ሲያበሳጨኝ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሞባይል የሚጠግነው ቻላቸው ዘንድ ወሰድኩት።

ቻላቸው ያልሞከረው የለም። ባትሪ ቆጣቢውን አጠፋ፣ ስልኩን አጥፍቶ አስነሣው፣ ስፒከሯን በራሱ ስልክ ሞከራት። ሱቁ ውስጥ እንደ ሰዓት ይሠራል። ቤት ይዤው ስገባ ምሳ ሰዓት ላይ ያው ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቻላቸው ራሱን አከከና «እሙ፣ በሽታው ስልኩ ላይ አይደለም፤ ቤትሽ ነው ያለው» አለኝ። ተቆጣሁት። እሱ ግን ስልኩን ከፍቶ ስልኬ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ስም አሳየኝ። ሁለት ናቸው። አንዱ ስፒከሬ ነው።

«ይቺኛዋ ደግሞ የመኪና ቴፕ ናት» አለኝ። «የማን መኪና ነው? ሞተሩ ተነሥቶ ቴፑ በበራ ቁጥር ስልክሽን ከስፒከርሽ ላይ ቀምቶ ይወስደዋል። አንቺ ቤት ዝም ሲል፣ እዚያ መኪና ውስጥ እየጮኸ ነው።»

«ከስንት ርቀት ነው የሚወስደው?»

«ከአሥር ሜትር ብዙም አይበልጥም።»

ከዚያ «ልሰርዘው? አንድ ጊዜ መንካት ነው፤ ያልቅልሻል» አለ። ጣቱን ያዝኩት።

ቤት ገብቼ የስፌት ሜትሬን አወጣሁ። የአቶ ገሠሠ ግቢ ከኛ ቤት ጀርባ ነው፤ በሩ በሌላው መንገድ ስለሆነ የሚገባ የሚወጣውን አናይም፤ የሚለየን ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ መኪናህ የምትቆምበትን፣ ዘይት የጠቆረበትን መሬት አየሁ። ከእማዬ አልጋ እስከ አጥሩ ለካሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን በዓይኔ ገመትኩ። ቢበዛ ዘጠኝ ሜትር ከግማሽ። ሁለት የሙሽራ ቀሚስ የማይወጣው ጨርቅ።

ምሳህን እዚያ መብላት እንደጀመርክ አውቅ ነበር። ያን ቅዳሜስ? ሰው ያለማስረጃ አይኮነንም ብዬ ስንት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩልህ! በመጨረሻ ሸጊቱ ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። የሰርግ መኪና የምትሸልመዋ ሸጊቱ። እየለካኋት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ያን ቅዳሜ የተደረገው የአቶ ገሠሠ ልጅ ሰርግ እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት።

«ውይ፣ የሳቅነውን ሳቅ!» አለችኝ። «ጠዋት እኛ አበባ ስናስር፣ ደምለው ሞተር ቢያስነሣ ቴፑ ራሱ በቄስ ጸሎት ተከፈተ! ደምለው ደንግጦ ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተከፈተ። ደግሞ ዘጋው። ፊቱ አመድ መሰለ እኮ!»

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አላወቅሁም።

አየህ፣ መዋሸትህን ይቅር እል ይሆናል። ሰው ይፈራል፤ ሰው ይጓጓል። ግን ከቴፕህ ጋር የተገናኘ ስልክ የኔ ብቻ ነው። ያን ድምፅ ስትሰማ ከአጥሩ ወዲህ እናትህ ተኝታ፣ እኔ እሷ ራስጌ ቁጭ ብዬ፣ ምን እያደረግን እንደነበር አውቀሃል። ጮኸን የጠራንህ ያህል ነው። ሁለት ጊዜ ጠራንህ። ሁለቱንም ጊዜ ዘጋኸው።

ምንም አላልኩህም። ከነሐሴ እስከ ጥር እራት አቀረብኩልህ፣ ሸሚዝህን ጠቀምኩልህ። ትዕግሥት አይደለም፤ እያጠመድኩ ነበር። አቶ ገሠሠ በሰርጉ ረክቶ የመኪናዋ ባለ ድርሻ እንዳደረገህም ስሰማ «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬሃለሁ። የእማዬ ሙት ዓመት ሲደርስ አንተው በአፍህ «በሕይወቷ አልደረስኩላትም፤ ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን እስከ መቃብሯ እኔ እጭናለሁ» አልክ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የሆነውን ታውቃለህ፤ ግን ከኋላ ወንበር ሆኖ እንዴት እንደሚታይ አታውቅም። መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስና አቶ ገሠሠ ከፊት፣ የዕድሩ ሽማግሌዎችና አክስታችን ከኋላቸው፣ እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ። ዳባትን አልፈን እማዬ ወደ ተቀበረችበት ወደ ትውልድ ደብሯ ስንጠጋ፣ ስልኩን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ የመኪናህን ስም ነካሁ። የመምሬ ድምፅ መኪናውን ሞላው። ሽማግሌዎቹ «እሰይ፣ ጥሩ አሰብክ!» አሉህ። እጅህ እንደ እባብ ተወርውሮ ዘጋው።

«ምነው ልጄ?» አሉህ መምሬ። «የኔን ድምፅ እኮ ነው የዘጋኸው።»

«ተበላሽቶ ነው መምሬ።»

«አልተበላሸም» አልኩ ከኋላ። «ያን ቅዳሜም አልተበላሸም ነበር። አቶ ገሠሠ፣ በልጅዎ ሰርግ ቀን ይቺ መኪና የት ነው ያረፈደችው?»

«እኔ ግቢ ነዋ! አበባ ሲያስሩባት» አለ ምስኪኑ፣ ነገሩ ሳይገባው።

«ዛሪማ አልሄደችም?»

«የምን ዛሪማ?»

የሽማግሌዎቹ ዓይን ሁሉ ጀርባህ ላይ ወደቀ። ሰርግ ላይ ከነበረው ከአቶ ገሠሠ በቀር ሁሉም ለቅሶው ላይ ነበር፤ ሁሉም ጎማውን ረግሟል። አንተ ብቻ ተንተባተብክ። ሁልጊዜ እንደሚያማት መስሎህ ነበር። ለሙሽራ የተሸለመች መኪና በሽተኛ ከጫነች ገዷ ይበላሻል ብለህ ነበር። አቶ ገሠሠ እንዳይቀየምህ ነበር። አቶ ገሠሠ ዞሮ አየህ። «ብትነግረኝ እኮ ሰርጌ በእግሩ ይሄድ ነበር!» አለህ።

«አቁም» አሉህ መምሬ። ወረዱ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዳገቱን በእግራቸው ጀመሩት። አቶ ገሠሠ ተከተላቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። አክስታችን እንኳ ወረደች። እኔ መጨረሻ ቀረሁ። በመስተዋቱ አየኸኝ። ወረድኩና በሩን ሳልዘጋው ትቼው ሄድኩ።

ደስ አለኝ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ዳገቱን ስወጣ እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ከደባርቅ ተራራው ላይ እስከ ቡይት ራስ የሚወጣ ሰው እንኳ አንተ ካለህበት መኪና በእግሩ መሄድን መረጠ፤ አቶ ገሠሠም «ከግቢዬ አውጣት» ብሎ መኪናዋን ለቀቀልህ። ሑመራ መሄድህን ስሰማ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

መምሬ «ይቅር በዪ፣ ልጄ» ይሉኛል በየሳምንቱ። ጉልበታቸውን ስሜ እመለሳለሁ እንጂ እሺ አላልኳቸውም። ይቅርታ እማዬ ናት ያላት፤ እሷ ደግሞ ዳባት መግቢያ ላይ ሰርገኞቹን ጭነህ ስታልፈን ሳታውቅ መርቃህ ሄዳለች። እሱን ምርቃት ካንተ ላይ መግፈፍ ብችል ገፍፌው ነበር። አልቻልኩም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቻላቸው ባየኝ ቁጥር «ልሰርዘው እንጂ፣ እስከ መቼ?» ይለኛል። አላሰረዝኩም። የመኪናህ ስም ስልኬ ውስጥ እንዳለ ነው። ከፈለግህ ለፋሲካ ና፤ አገሩ የአባትህ ነው፣ አልከለክልህም። በሰው አታስለምነኝ፣ ሽማግሌም አትላክብኝ። መኪናህን ይዘህ በኋለኛው መንገድ ና፤ አቶ ገሠሠ በሩን እንዲከፍትልህ እለምነዋለሁ፤ እዚያው ከአጥሩ ጥግ ቁም። ስልኬ ያገኝሃል። እኔ የእማዬ አልጋ ላይ እቀመጣለሁ፤ መምሬም ይጀምራሉ። ሙሉው አርባ ደቂቃ ነው። ስፒከሬ ዝም እስካለች ድረስ እየሰማህ መሆንህን አውቃለሁ፤ ድምፁ ወደ ቤት ከተመለሰ ግን ዘግተኸዋል ማለት ነው።

ከዘጋኸው በሬን እንዳታንኳኳ። ካልዘጋኸውም የምገባልህ ቃል የለም። መጀመሪያ አርባውን ደቂቃ ቁጭ ብለህ ስማው።

የእናትህ ልጅ፣
ምሥራቅ
ደባርቅ፣ መጋቢት 2009 ዓ.ም.