የፀገነት ስዊድናዊ እና የእኔ ፊታውራሪ

ውድ ወንድሜ ጋሼ አምላኩ፣ ሰላምታዬ አንተንም ቤትህንም ይሙላ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከሀፍረቴ በቀር።

ለአንተ ብቻ ልንገርህ። አንተ ስልክ የምታወራው መንደር እየሰማ ስለሆነ ነው በወረቀት የጻፍኩት። ባለፈው እሑድ በሽማግሌዎች ፊት ያልተወለደ ሰው አያት አድርጌ ቆጠርኩ።

ልጄ ዮፍታሄ፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ አጠገብ ጀርሚስተን ከተማ ልብስ የምትሸጠውን የፀገነትን ልጅ ሮሃን ሊያገባ መሆኑን ጽፌልህ ነበር። ይቺ ፀገነት ዓመት ሙሉ የአባቷን ቅድመ አያት ስታፈላልግ ከርማ አገኘችው። ኒልስ ይባላል፤ ከሚሲዮኖች ጋር ወለጋ የመጣ አናጢ፣ የስዊድን ገጠር የገበሬ ልጅ። እዚያ አገር ድሮ ቄሱ ቤት ለቤት እየዞረ ማን ማንበብ እንደቻለ፣ ማን ለፈንጣጣ እንደተከተበ ሳይቀር ይመዘግብ ነበር አሉ። ከዚያ መዝገብ ስምንት ትውልድ አወጣች! ግልባጩን በመስታወት አስገብታ ሱቋ ውስጥ ሰቅላዋለች። ደንበኛ ሲገባ ገና በዙሉኛ «ሳውቦና» ብላ ሰላም ሳትል ኒልስን ታስተዋውቃለች። የኒልስ እናት «ንባቧ ደካማ ነው» ተብላ መመዝገቧን ግን አታነሳም፤ እኔ ነኝ ከሥሩ ያለውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ዮፍታሄን አስነብቤ የደረስኩበት።

ቅናት ነው ጋሼ፣ አልዋሽህም። የእኛን አባቶች ማን መዘገበልን?

እሑድ ሽማግሌዎቹ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ቁጠሩ አሉ። ፀገነት ወረቀቷን ዘርግታ እንደ ዳዊት አነበነበችው። እኔ ለገሠ፣ ተሰማ፣ ደስታ ብዬ አራተኛው ላይ ጭው አለብኝ። እሷም አንገቷን ሰበቅ አድርጋ «አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው መዝገብ የለውም» አትለኝ መሰለህ! በእልህ «የብቸናው ፊታውራሪ ጓንጉል!» አልኳት። ሹመቱንም እኔው ሾምኩት።

ፀገነት ብድግ አለች። ለካስ የእናቷ ቅድመ አያት እውነተኛው የብቸናው ፊታውራሪ ጓንጉል ኖረዋል! ሽማግሌው አቶ ምሕረቱ «ልጆቹ ዘመዳሞች ሊሆኑ ነው፤ እስኪጣራ ጋብቻው ይቁም» ብለው የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ። ሮሃ እያለቀሰች ወጣች።

ትናንት ለዮፍታሄ እውነቱን ነገርኩት። «እማዬ፣ በወረቀት ቀንተሽ ሚስቴን ልታሳጪኝ?» ብሎኝ እህል ሳይቀምስ ሄደ። አሁን ዋሽቼ ነው ብል ማን ያምነኛል? ሠርጉን ለማዳን ነው የምትለው ይሉኛል። ስለዚህ እባክህ ሳትውል ሳታድር እቴቴ ማርያም ዘንድ ሂድ። የአባታችን እህት ናቸውና ቆጠራውን ያውቁታል። እስከ ሰባተኛው አስቆጥረህ ድምፃቸውን ቅዳና በስልክ ላክልኝ። ገበሬ ይሁኑ፣ ሸማኔ ይሁኑ፣ ከእንግዲህ ግድ የለኝም፤ ብቻ ጓንጉል የሚባል አይገኝባቸው!

ባለቤትህን የአለምወርቅን እንዴት ሰነበትሽ በልልኝ፤ ወረቀቱን ግን እንዳታሳያት። ልጅህን ሶልያናን ሁለቱንም ጉንጯን፣ እቴቴን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። በቀጠሮው ቀን የእቴቴን ድምፅ አሰምቼ፣ ውሸቴን በገዛ አፌ እናዘዛለሁ። ሽማግሌዎቹ ምን እንደፈረዱ፣ ፀገነትም በምን ዓይን እንዳየችኝ አንዲት ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ።

እህትህ አሰገደች
ጆሃንስበርግ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.