የጠየቅነው ጅኑን ነበር

መቀሌ፣ ሮብ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልጀሊል፣ ግብፅ፣ ካይሮ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። ከዙህር ሶላት ወዲህ ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስቀምጬ ተነሥቻለሁ። አንድ እጀ ጠባብ ስሰፋም የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጠምኩት።

እኅትህ ሳሊሃ ከኩይሓ ከባሏ ቤት በእግሯ ከመጣች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ጥቂት ትቀምሳለች፣ ትሰግዳለች፣ አትናገርም። ጎረቤታችን ኡሙሀኒ፣ አፏን ታውቀዋለህ፣ «ሸረፈዲን ወንድሜ፣ ዝም የምትል ሴት ያገኘ ያመሰግናል እንጂ ይጨነቃል?» አለችኝ። ሳቅሁ። ኋላ አፈርኩ።

ትናንት ባሏ ሀሰን፣ ጅን አስለቅቃለሁ የሚል ሰው ይዞ መጣ። «ተይዛለች፣ አባ» አለኝ። ሰውየው ገመድ ጠየቀ፤ ጨንገሩን ይዞ ነው የመጣው። ልማዱን ታውቃለህ፤ ጅኑ ስሙን ተናግሮ እወጣለሁ ብሎ እስኪምል ይመታል። የሚመታው ጅኑ ነው ይባላል። «ማን ነህ? ከየት ያዝካት?» እያለ ዙሪያዋን ዞረ። እሷ አቀርቅራለች።

ያን ጊዜ ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ የነፍስ ትምህርት ጀመርኩ ብለህ ስትጽፍ አልወደድኩትም ነበር። ነፍስን የሚያውቃት የፈጠራት ብቻ ነው፣ ልጄ ደፈረ አልኩ። ደግሞ ከሊቃውንቶቻችሁ አንዳንዶቹ የሴት ጭንቀት ከማኅፀኗ ይነሣል ይላሉ ብለሃል። ታዲያ ከኛው ሰውዬ በምን ተሻሉ? እሱ ጅን አለ፣ እነሱ ማኅፀን አሉ፤ እሷን የጠየቀ የለም። አንድ ነገር ግን ልቤ ላይ ቀርቶ ነበር፤ መምህርህ ከታመመው ሰው ፊት ቁጭ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ሳይቆጣ ይሰማል ያልከው። ዕውቀት ይሁን አይሁን አላውቅም። አደብ ግን ነው።

ጨንገሩን ከሰውየው እጅ ወሰድኩና ፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ሳሊሃ፣ ምን ሆንሽ ልጄ?»

ሀሰን ሳቀ። «አባ፣ ጅኑ እያለ እሷን ይጠይቃሉ?»

ቀና አለች። «አባዬ፣ እኔን ነው?» አለች።

ሁለቱንም አስወጣኋቸው። ከዚያ ነገረችኝ፤ «ስመልስለት መታኝ። ዝም ስል ስለ ዝምታዬ መታኝ። ‹ይቺ› እያለ ነው የሚጠራኝ፤ ስሜን ከጠራው ዓመት አለፈው። ዝም ያልኩት፣ ዝምታዬ እንኳ የራሴ ይሁን ብዬ ነው።»

ኡሙሀኒ ለካ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ኖሯል። «እዋይ! እንግዲያማ ጅኑ ሀሰን ራሱ ነው!» አለች። ሳሊሃ እያለቀሰች ሳቀች።

ሀሰን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይዞ ሊወስዳት ይመጣል። እሷው ራሷ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጣ ትናገራለች፤ አልሄድም ካለች አትሄድም ብዬ ልኬበታለሁ። ሰው አባትየውም ተያዘ ይላል። ይበል። ዕረፍት የነሣኝ እሱ አይደለም።

ዕረፍት የነሣኝ ትናንት በመጨረሻ የጠየቀችኝ ነው፤ «አባዬ፣ እማዬንስ እንዲህ ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

እናትህ ዘሃራ፣ ሕፃኑ ሰባት ቀኑ ሳይሞላ፣ ስም ሳይወጣለት የሞተባት ጊዜ እንዲሁ ዝም ብላ ነበር። ለጅን አስለቃቂው ጨንገሩን ቆርጬ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ያየህ ይመስለኛል። ሲመታት ሲመታት «ኑረዲን» አለች። ጅኑ ስሙን ተናገረ ብለን ደስ አለን። ዶሮ አረድን። እኔም «ኑረዲን፣ ውጣ! ከቤቴ ውጣ!» እያልኩ ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

እናትህ ከመሞቷ በፊት ለሳሊሃ ነግራታለች፤ ሳሊሃም ትናንት ነገረችኝ። ኑረዲን ለሕፃኑ ልታወጣለት ያሰበችው ስም ነበር።

ልጄ፣ ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጥክ አልጠይቅህም። ዓርብ ልቤ እንዳይከዳኝ ዱዓ አድርግልኝ። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ጆሮህን ይባርክልህ። መምህሮችህን ስማ፤ ከፊትህ የምትቀመጠውን ሴት ግን አስቀድመህ ስማ።

አባትህ ሸረፈዲን