የማሞቂያው ሁለት ጫፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሮጬ መጣሁ፤ ዛሬም ሂሩት ቀድማኛለች። የሴራሚክ ማሞቂያ ፊቷ ዘርግታ ሽቦ ትበይዳለች። አሠሪያችን ጋሽ ማርዮ ከኋላዋ ቆመዋል። «ብራቫ፣ ልጄ!» ልጄ? ስድስት ዓመት ያገለገልኳቸው እኔ፣ እሷ የትናንት! ለገና ጡረታ ይወጣሉ፤ የቦቴጋውን፣ የዚህን ወርክሾፕ፣ ቁልፍ ለአንዳችን ይሰጣሉ። ለማን? ትንፍሽ አላሉም። ቅናት ሊገድለኝ ነው፣ ማስታወሻዬ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የእኔ ሥራ ተመልሶ መጣ። ሴራሚኩ ተሰንጥቆ፣ ጫፉ ከስሎ። የሷ አንድም አልተመለሰ። መካድ አይቻልም፦ ሽቦው ከሚገናኝበት ጫፍ ላይ ሁላችንም የስማችንን ፊደል እንጭራለን። የጋሽ ማርዮ ሕግ ነው። ጣሊያኑ ደንበኛ አያነበውም፤ እኛ እናውቀዋለን። የእኔ «ዳ»፣ የሷ «ሂ»።

ቡሎኑን ጥርሴን ነክሼ ነበር ያሰርኩት! የላላ ይቃጠላል አይደል? እሷ ወፍራም የኒኬል ሽቦ ትበይዳለች፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ፣ ያቺን እንደ ሞላ የምትለጠጥ የብረት ቀለበት፣ ታስገባለች፣ ለስለስ አድርጋ ታስራለች። በቃ። ምስጢሩ ምን ይሆን? ብሞት አልጠይቃትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ከሰዓት

የደንበኞቻችን የመነኮሳይቱ ማሞቂያ ተቃጥሎ መጣ! አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን እሷ የሠራነው። ጸሎት ቤቱ በረዶ ሆኗል ብለው ተቆጡ። እኔ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ጉዷ ወጣ ብዬ ከፈትኩት።

«ሂ» ደህና ነው። የከሰለው «ዳ»።

ጋሽ ማርዮ ዓይናቸው ደክሟል፣ ፊደሉ አይታያቸውም። የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ሂሩት ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች። የሷ ነው ብል ማን ያውቃል? ጥቀርሻውን ጠርጌ ነገ ልንገርዎት አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ደግመው ጠየቁኝ። አፌ ላይ «የሂሩት» የሚለው መጥቶ ነበር። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትሠራለች፣ ምንም አታውቅም። «የእኔ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

ወደ ሂሩት ጠቆሙኝ። «አሎራ፣ እንግዲያውስ ሂሩት ታሳይህ።» እሷም ወንበር ሳበችልኝ። ብረት ሲግል ይለጠጣል፣ ሴራሚክ እሺ አይልም፤ መፈናፈኛ ካጣ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ግንኙነቱ ላልቶ ይቃጠላል አለችኝ። ይኸው ነው! አንገበገበኝ።

ከምሳ በኋላ ቁልፉን ሰጧት። ዓይኔ እያየ።

ቅናቱ አልወጣልኝም፤ አልዋሽህም። ሌላ ሥራ ልፈልግ ብዬ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ነገ እቀድማታለሁ። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው፤ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።