ስልኩ ፎቅ ወጥቷል

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ አሻግሬ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አለፈው? እማማስ ወገቧን ተሻላት? እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ሥራም አለ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለእርስዎ ግን ምን ይደበቃል፣ ብቸኝነቱ በልቶኛል።

እህቴ አይናዲስ እንደጻፈችልኝ የመስቀል ማግስት ቴሌ ድረስ ሄደው፣ ሁለት ሰዓት ተሰልፈው ደውለውልኝ ኖሯል። ሳላነሳ ስቀር "ልጄ ተብዬዋ ረስታናለች፣ ከእንግዲህ አልደውልላትም ብሏል አባዬ" ትለኛለች። ኧረ በስመ አብ! እኔ እርስዎን? ሌሊት የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ ሠርቼ ጠዋት ነው የምተኛው። መኝታዬ ፎቅ፣ ስልኩ ምድር ቤት። ጩኸቱን ሰምቼ በባዶ እግሬ ደረጃውን ተንደርድሬ ወርጄ ሳነሳው ተቋረጠ። ልቤ እርስዎ መሆንዎን ነግሮኝ ነበር። ቤታችሁ ስልክ የለ፣ በምን መልሼ ልደውል? እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሶ፣ ስልኩን ፎቅ ላውጣው ብዬ ተነሳሁ። የቤቱን ባለቤት ኮል አድርጌ አስፈቀድኩ፣ ድሪል ከሥራ ቦታ ተዋስኩ። የግንበኛ ልጅ አይደለሁ! ከመኝታዬ ሥር ባለው የኮት መስቀያ ቁምሳጥን ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቼ ጣሪያውን ልበሳ ስል የእርስዎ ልማድ ትዝ አለኝ። ግድግዳ ከመብሳትዎ በፊት በመዶሻው እጀታ ሦስቴ አንኳኩተው "ከወዲያ ያላችሁ ራቁ!" ይሉ አልነበር? እኔም ሦስቴ አንኳኩቼ "ከላይ ያላችሁ ራቁ!" አልኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ከዚያ ደግሞ መጠበቄ! ማን ሊርቅልኝ ነው? ቤቱን ትጋራኝ የነበረችው ጓደኛዬ ህይወት አግብታ ሌዊስቪል ከተማ ከገባች ስድስት ወሯ ነው።

መብሳቱስ ቀላል ነው፤ የዚህ አገር ጣሪያ ካርቶን ይበሉት፣ ነጭ ዱቄቱ ብቻ ፀጉሬን አለበሰው። ክፋቱ ሽቦው ነው። ከታች የሚገፋና ከላይ "ያዝኩት" የሚል ሁለት ሰው ይፈልጋል። የልብስ መስቀያ አቃንቼ ጫፉ ላይ አሰርኩትና ትንሽ ገፋ አድርጌ ፎቅ እሮጣለሁ፣ የለም። ወርጄ እገፋለሁ፣ ደግሞ ፎቅ። ዘጠኝ ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። ጫፉ ብቅ ሲል "እሰይ፣ መጣህልኝ!" አልኩት፤ ሽቦውን እኮ ነው።

ስልኩን ገጥሜ ህይወትን ደውይልኝ ብያት ትራሴ አጠገብ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ቀበቶዋን ሳታስር ባልዲ እንዳታነሳ። አይናዲስን፣ ባሏን ነጋን፣ ልጃቸውን ትንሿን ሩሐማን ሳመቻችሁ ይበሉልኝ። ለጎረቤታችን ለጋሽ መዝገቡም ሰላምታዬ ይድረስ።

አባዬ፣ ቢቀየሙኝ እንኳ አንድ ጊዜ ይሰለፉልኝ። ከወዲያ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አልርቅም።

ልጅዎ ዓለምጌጥ አሻግሬ
ሜስኪት፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 18 ቀን 1990 ዓ.ም.