የሌለን ደረጃ

ዲላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ማርቲ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና እንዳልሆንሽ ሳምራ ነግራኛለች። የዶርም ጓደኛሽን አትቆጫት፤ ስልኬን ብታነሺ ኖሮ እሷን አልጠይቅም ነበር። «ጋሼ፣ ካፌ በር ላይ ወደቀች፤ ምላሷን ነክሳለች። ክኒን የለሽም ወይ ስላት ‹እኔ ተፈውሻለሁ!› ብላ ጮኸችብኝ» አለችኝ።

እናትሽ ደህና ናት። ይህን እንደምጽፍ አታውቅም። ዝናቡ በቡና ማድረቂያ ጊዜ መጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሸራ ሲዘረጋና ሲያጥፍ ይውላል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አምና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ፣ ሰፈሩ የሚጥል በሽታሽን «መንፈስ ነው» ሲል ሰምተሽ አለቀስሽ። እንዳትፈሪ ብዬ፣ መንፈስ የያዛትን ልጅ የሚያሳየውን አሮጌ ፊልም በፍላሽ አመጣሁ። በአማርኛ የተተረጎመው፣ አንድ ሰውዬ የሁሉንም ንግግር ብቻውን የሚወጣው። አልጋው ሲነቃነቅ እናትሽ «በኢየሱስ ስም! ደበበ፣ ይህን ነገር ከቤቴ አውጣ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ድምፁን አጠፋሁት። «አየሽ? አሁን አልጋ ላይ የምትዘል ልጅ ብቻ ናት። ፍርሃቱ ያለው ድምፁ ላይ ነው» አልኩሽ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እናትሽ ወደ ፈውስ ጉባኤው ወሰደችሽ። እኔም ተከትዬ መጥቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። አገልጋዩ ማይክራፎኑን አፍሽ ላይ ደቅኖ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጮኸብሽ። «ስምህ ማነው? ተናገር! የት ነው የያዝካት?» መልስ ሳይሰሙ እንደማይለቁሽ ታየኝ። ላብ አጥምቆሻል። በመጨረሻ በወፍራም ድምፅ «ከደረጃው ሥር ያዝኳት» አልሽ።

ማርቲ፣ ቤታችን ደረጃ የለውም። ያ ድምፁን መልሼ ስከፍተው የሰማነው የፊልሙ ንግግር ነበር፤ የተርጓሚው አነጋገር ሳይቀር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። መልሱ ትክክል ሆኖ የመለኪያ አሃዱን ለረሳ ተማሪ ዜሮ የምሰጠው ሰውዬ፣ ከሕዝቡ ጋር «አሜን!» ብዬ ጮህኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ብዙ ምክንያት ደርድሬ ነበር፤ የእናትሽ ደስታ፣ ያንቺ ኀፍረት። አይደለም። ድምፅሽ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ፣ ከየት እንደመጣ እያወቅሁ፣ ፈራሁ።

ክኒንሽን መድረኩ ላይ አስቀመጥሽ፤ ምስክርነትሽ በየስልኩ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ሳትወድቂ ስለቆየሽ ዝምታዬ ልክ መሰለኝ። አሁን ክኒን ብትውጪ ያን ሁሉ ሰው የዋሸሽ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። ዋሽተሽ ከሆነ አብረን ነው የዋሸነው። ጥፋቱ የትልቁ ነው፤ ትልቁ ደግሞ እኔ ነኝ። እኔም አማኝ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይፈውሳል። ሐኪም ጋ አትሂጂ ሲል ግን አልሰማሁትም። እየጸለይሽ ዋጪው።

ይህን የሚያደርስልሽ የማስተምርበት ግቢ ሹፌር ተሾመ ነው፤ መምህራን ይዞ ለስልጠና ጅማ ይመጣል። ክኒኑ እሽጉ ውስጥ ነው። ሐኪምሽን አነጋግሬዋለሁ፤ እንዴት እንደምትጀምሪ ወረቀቱ ላይ ጽፎልሻል። ተሾመን «ስትውጥ ሳታይ እንዳትሄድ» ስለው «ጋሽ ደበበ፣ እኔ ሹፌር ነኝ እንጂ ነርስ ነኝ እንዴ?» አለኝ። ቢሆንም ይቆማል።

ለገና ስትመጪ ለእናትሽ አብረን እንነግራታለን። እኔ እጀምራለሁ።

ትናንት ፊልሙን ድምፁን አጥፍቼ ብቻዬን አየሁት። ኮፍያውን ይዞ በሩ ላይ የሚቆመው የልጅቷ አባት ትዝ ይልሻል? ያኔ «አባዬ፣ የዚህ ሰውዬ ሥራ ምንድን ነው?» ብለሽ አስቀሽኝ ነበር። እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አይናገርም።

እግዚአብሔር መሬቱን ከመንካትሽ በፊት እጁን ያስቀድምልሽ።

አባትሽ
ደበበ