አባዬ ቃለ መጠይቅ የገባ ዕለት

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16፣ ደሴ

ዛሬ ለኮሌጅ ነፃ ትምህርት ያመለከትን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ቃለ መጠይቅ ነበረን። ወላጅ ይዛችሁ ኑ ስለተባልን አባዬ ኮምቦልቻ ካለው ፋብሪካ ከፈረቃው በቀጥታ መጣ።

ጠያቂዋ ሴትዮ፣ «ኑሮ እንዴት ይዞዎታል?» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም» አላት።

ክው አልኩ። እርዳታው እኮ ለተቸገረ ነው። በክርኔ ጎሸም ባደርገው ዞር ብሎም አላየኝም።

«ታዲያ ምን እናግዝዎት?»

«እኔን አይደለም፣ እሷን ነው። ኮሌጅ ማስተማሩን ብቻዬን አልችለውም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ብዙ ጻፈች። ምን እንደጻፈች እንጃ።

ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ፣ «ደህና መለስኩ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ወላሂ፣ ካንተ የተሻለ የመለሰ የለም» አልኩት።

ደስ ብሎት የኔንም ሳምቡሳ በላው።