የእናትሽ ድምፅ

ሜይኖንግ፣ ታይዋን
እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 2023

ለምወድሽ ልጄ ለዪንዠን፣

እንደምን ከርመሻል? ኦሳካ ብርዱ ለቀቃችሁ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። ባለፈው ሳምንት የአያቶችሽን መቃብር አጸዳን። አጫጁ እኔ፣ አለቃዋ እናትሽ። "እዚያ ጋ ቀርቷል፣ ዓይንህ የት ነው?" ስትለኝ ዋለች። እንደ ድሮው መሀል ገብተሽ የምታስቂን አንቺ ግን አልነበርሽም።

ስንመለስ በትንባሆ ማድረቂያው ቤት በኩል አለፍን። ጣሪያው ዘሟል። ትንባሆ መትከል ካቆምን ስንት ዓመታችን! በሩን ስከፍተው ግን ያ ጣፋጭ ሽታ አለቀቀውም። በብርዱ ወራት ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ቅጠል ሲያስር፣ አንቺ በስድስት ዓመትሽ ሁለት ሁለቱን እያነሳሽ ታቀብዪኝ ነበር። ድካም ሲጥልሽ ክምሩ ላይ ትተኛለሽ፤ እኔም ተሸክሜሽ እገባለሁ። ፀጉርሽ ሳምንት ሙሉ ትንባሆ ትንባሆ ይሸት ነበር። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!

ሐሙስ ዕለት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጠይቅ ይዛ ቤታችን መጣች። ሰው ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ምን እንደሚያስብ በየመንደሩ እየዞረች ትጠይቃለች። ዕድሜ? ሰባ አንድ። ትምህርት? ስድስተኛ ክፍል። ሃይማኖት? ቤተ መቅደስ እንሄዳለን። ፓርቲ? "ሰማያዊው፣ ያ የድሮው ፓርቲ፤ ከአባቴ ጀምሮ" አልኳት። ዋናውን ጥያቄ ገና ሳታነሳ እስክሪብቶዋ "እቃወማለሁ" የሚለው ላይ ሄዶ ቆመ።

"ምነው ልጄ፣ ሳልናገር ሰማሽኝ?" ብላት አፈረች።

"ይቅርታ አያቴ፤ እንደ እርስዎ ያሉት አብዛኞቹ እንደዚያ ስለሚሉ ነው።"

እውነቷን ነው። በ2018 ኅዳር ለሕዝበ ውሳኔው ብለሽ ከኦሳካ ስትመጪ፣ እኔም ከአብዛኞቹ አንዱ ነበርኩ። በሞተር ሳይክል አፈናጥጬሽ ትምህርት ቤቱ ሄደን ድምፅ ሰጠን። ስንመለስ ከኋላዬ "አባባ፣ ምን መረጥክ?" አልሽኝ። "የሰው ድምፅ ምስጢር ነው" አልኩሽ። ወገቤን የያዘው እጅሽ ላላ። ቆጠራው ሲጀመር ወረቀቱን አንድ በአንድ ከፍ እያደረጉ ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ ተመልሰሽ ሄደሽ የትምህርት ቤቱ መስኮት ሥር ቆመሽ አዳመጥሽ። ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ይሁን በሚለው ላይ "እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" ይባላል። ሁሉም ያሳደጉሽ ጎረቤቶችሽ ናቸው። በማግሥቱ ሄድሽ። ፍርድ ቤት ያዘዘው ሕግ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ሲወጣ፣ ከፍቅረኛሽ ከሹዌን ጋር ታይፔ መጥታችሁ ጋብቻ መፈራረማችሁን የሰማሁት ከሰው ነው።

ልጅቷ ቅጿን ይዛ እንደቆመች፣ እናትሽ ግቢ ያሰጣችውን ፍጅል እያገላበጠች፣ "እኔን ለምን አትጠይቂኝም?" አለቻት። "ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ትምህርቴም፣ ቤተ መቅደሴም፣ ፓርቲዬም ከእሱ ጋር አንድ ነው። በሕዝበ ውሳኔው ቀን ግን እኔ የመረጥኩት ለልጄ ነው።"

አርባ አምስት ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?" ብላ ወደ ፍጅሏ ዞረች።

ተማሪዋ ቀስ ብላ፣ "እርስዎስ አያቴ?" አለችኝ።

"እደግፋለሁ ብለሽ ጻፊ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሱም ቅጹ ላይ አለ እንዴ?"

"የለም፤ እኔው ነኝ የጠየቅኩዎት።"

"እንግዲያው ተዪው፣ ልጄ።"

ማንጎው በሰኔ ይደርሳል። የዘንድሮው አበባ ብዙ ነው፤ ሁለት ሽማግሌ በልቶ አይጨርሰውም። ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ። አልጋው ለሁለት ሰው ጠባብ ስለሆነ ሰፊ አዘዝኩ።

ፖስታው ላይ የሁለታችሁንም ስም ልጽፍ ብዬ የሹዌን ስም በየትኞቹ የቻይና ፊደላት እንደሚጻፍ አላወቅኩም። እናትሽን ብጠይቃት ብዕሩን ተቀብላኝ ሳታመነታ ጻፈችው። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጽፍላችሁ ኖራለች።

የአያቶቻችን መንፈስ መንገዳችሁን ይጠብቅ፤ ጤናና እንጀራ አይለያችሁ።

አባትሽ፣
ጁንግ ዲንፋ